ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበብልን!

በቅድሚያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምትኖሩበትን ሰፈር የሚወክለው ሰው ማን ይባላል? ስሙን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ ቢባል ስንት እጅ እንደሚወጣ እንጃ። ጥያቄውን ያነሣሁት ማንንም ለማሳፈር አይደለም። እኔ በምኖርበት በአዲሱ ገበያ ይህንኑ ለጎረቤት፣ ለባለ ሱቅ፣ ለታክሲ ረዳትና ለአብሮ አደጎቼ ስጠይቅ ሰንብቻለሁ። ሰዉ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ስም ያውቃል፣ የከተማውን ከንቲባ ያውቃል፣ የወረዳውን ኃላፊ በመልክም በስምም የሚለይ አይጠፋም። ወደ ምክር ቤቱ ተወካይ ሲመጣ ግን ነገሩ ይቆማል። «እኔ የመረጥኩት ፓርቲውን ነው» ያለኝ አለ። «ኧረ ልጄ፣ እሱ ደግሞ እኛን ያውቀናል እንዴ?» ብለው የሳቁብኝ እናትም አሉ።

እነዚህ ሰዎች ግድ የለሾች ናቸው እንዳይባል፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሰልፍ ይዘው የዋሉት እነሱው ናቸው። ሰልፉ አላልቅ ብሎ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሞ እንደነበር እናስታውሳለን። ያን ያህል ቆሞ የመረጠ ሕዝብ የመረጠውን ሰው ስም ከረሳ፣ ጥፋቱን ሁሉ ሕዝቡ ላይ መደፍደፍ ተገቢ አይመስለኝም። ሰው የሚረሳው ያላየውንና ያልሰማውን ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የፈለግሁት ነጥብ አንድ ነው። የሕዝብ ተወካይ ወደ መረጠው ሕዝብ መጥቶ ጥያቄ መሰብሰቡ ብቻውን በቂ አይደለም። ውክልና ውክልና የሚሆነው ባለፈው ጊዜ የወሰደውን ጥያቄ ከምን እንዳደረሰው ተመልሶ ሲናገር ነው። ለዚህ ደግሞ አዲስ ሕግ ወይም ብዙ በጀት አያስፈልገንም። ሥርዓቱ በየሰፈራችን አለ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እንደራሴ ማለት ምን ማለት ነው?

በቀድሞው አጠራር የሕዝብ ተወካይ «እንደራሴ» ይባላል። ቃሉን ስንከፍለው «እንደ ራሴ» ነው፤ እኔ በሌለሁበት ቦታ እንደ እኔ ሆኖ የሚቆም ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ቃሉ የሚያገለግለው ለላይኛው ወገን ነበር። በንጉሥ ስም የሚያስተዳድር መስፍን እንደራሴ ይባላል። ራስ ተፈሪ መኮንን በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆነው የተሰየሙት በዚሁ ትርጉም ነው።

ቃሉ ወደ ሕዝብ እስኪወርድ ጊዜ ወስዷል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን ቢያቋቁምም፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ። ሕዝቡ ራሱ ድምፅ የሰጠበት ምርጫ የተደረገው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ነው። ያኔም ለመወዳደር ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገርም አልነበረም። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ያ ምክር ቤት ተበተነ። ከጊዜ በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎ ደግሞ በአንድ ፓርቲ ጥላ ሥር የተሰበሰበ ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን ይገልጻል። ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው ይላል። በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ሕዝቡም በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን በክፍል ውስጥ ተምረነዋል፣ ለፈተናም አጥንተነዋል። ነገር ግን እስቲ ቆም ብለን እናስብ። የማላውቀውን ሰው እንዴት አምነዋለሁ? እምነትስ እንዴት አጣበታለሁ? ምን እንደ ጠየቀ፣ ምን ብሎ ድምፅ እንደ ሰጠ፣ የት ጋ እንደ ተከራከረ ሳልሰማ «እምነት አጥቻለሁ» ማለት አልችልም፤ «አምኜዋለሁ» ማለትም አልችልም። ሁለቱም መብቶች ወረቀት ላይ ይቀራሉ። አባቶች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚሉት ይኼን ነው።

በአዲሱ ገበያ የማን ጥያቄ ለማን ነው?

ሰፈራችንን ለማታውቁት፣ አዲሱ ገበያ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በሰሜን አዲስ አበባ የሚገኝ ሰፈር ነው። ወደ ሱሉልታ፣ ፍቼና ጎጃም የሚያወጣው መንገድ በዚያ ያልፋል። ከገበያው ግርግር፣ ከታክሲው ሰልፍና ከኪራይ ቤቱ ብዛት የተነሣ ወሬ የማይጠፋበት ቦታ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ የሚነሡት ጉዳዮች ግን ተመሳሳይ ናቸው፦ የቤት ኪራይ፣ በፈረቃ የሚመጣ ውኃ፣ የትራንስፖርት እጥረት፣ የሆስፒታል ወረፋ፣ የኑሮ ውድነት።

ችግሩ የትኛው ጥያቄ ለማን እንደሚቀርብ አለመታወቁ ነው። ውኃ የከተማው አስተዳደር ጉዳይ ስለሆነ የሚመለከተው 138 መቀመጫ ያለውን የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እዚሁ ጉለሌ ውስጥ ቢሆንም ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ ጤና ሚኒስቴር ነው፤ ስለዚህ ስለ እሱ መጠየቅ የሚችለው የፌዴራሉ ምክር ቤት አባል ነው። የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ግን የከተማው ነው። መንገዱ እንኳ እንዲሁ ነው። በከተማው ውስጥ ያለው በከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ሥር ሲሆን፣ ከከተማው ሲወጣ ዋናው አውራ ጎዳና የፌዴራሉ ይሆናል። ይህን ሁሉ ለይቶ የሚያውቅ ነዋሪ ስንት ነው? እኛ የተማርነውም እንጠራጠራለን።

ለነዋሪው በጣም የሚቀርበው የወረዳ ምክር ቤት ነበር። በአዲስ አበባ የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተካሂዶ ነበር፤ ያኔ ብዙዎቻችን ገና ፊደል እየቆጠርን ነበር። በ2010 ሊደረግ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ፤ በ2013 ነዋሪው የመረጠው ደግሞ የከተማውንና የፌዴራሉን ምክር ቤት ነው። እንግዲህ ከሥር ያለው መሰላል ሲጎድል፣ ላይኛው መሰላል ላይ ያለው ሰው ወደ ሕዝቡ የመውረድ ግዴታው ይበልጥ ከባድ ይሆናል ማለት ነው። ሰው ጥያቄውን የሚያቀርብበት ሲያጣ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ዘመድ ይፈልጋል፣ ወይ ደግሞ «እጅ መንሻ» ያዘጋጃል። ሦስቱም አይበጁንም።

ከ1997 ምን እንማራለን?

አዲስ አበባ ድምፁን የሰጠ ሕዝብ ወኪል አልባ ሲሆን ምን እንደሚመስል አይታለች። በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት በከተማዋ ያሉትን 23ቱንም የፌዴራል ምክር ቤት መቀመጫዎች፣ ከከተማው ምክር ቤት ደግሞ ከ138ቱ 137ቱን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ወላጆቻችን ይነግሩናል። በውጤቱ ላይ ውዝግብ ተነሣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መሪዎቹ ታሰሩ። ከተመረጡት ብዙዎቹ ወንበራቸውን አልያዙም። ከተማዋም ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም. በአደራ አስተዳደር ሥር ቆየች። በ2002ቱ ምርጫ ደግሞ ከ547ቱ መቀመጫ ለተቃዋሚ ፓርቲ የደረሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከአዲስ አበባ የተመረጡት የአቶ ግርማ ሰይፉ መቀመጫ ነው።

ይህን የማነሣው የማንንም ፓርቲ ቁስል ለመነካካት ወይም ለመደገፍ አይደለም። ልናገር የፈለግሁት ከዚህ የተረፈውን ልማድ ነው። አሸናፊው ገዢ ፓርቲም ይሁን ተቃዋሚ፣ ነዋሪው ከምርጫው ማግሥት ጀምሮ «የእኔ ድምፅ እዚህ ላይ አበቃ» ማለትን ለመደ። በምርጫ ሰሞን መኪና ላይ የተጫነ ሞንታርቦ ሰፈሩን ሲያናውጥ ይሰነብታል፤ ምርጫው ሲያልቅ ሞንታርቦው ዝም ይላል። አምስት ዓመት ሙሉ! እኔን የሚያስፈራኝ ጩኸቱ አይደለም፤ ከጩኸቱ በኋላ ያለውን ጸጥታ እንደ ደንብ መቁጠራችን ነው።

ጥያቄው ሄደ፤ መልሱስ?

«ተወካዮች ወደ ሕዝቡ ይወርዳሉ እኮ!» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። ምክር ቤቱ ሥራውን የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ በመሐሉም የአንድ ወር ዕረፍት ሊኖረው እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ ራሱ ያስቀምጣል። በዕረፍቱ ጊዜ አባላቱ ወደ ምርጫ ክልላቸው ሄደው ከነዋሪው ጋር እንደሚወያዩ በዜና እንሰማለን። የተሰበሰቡት ጥያቄዎችም ተጠቃለው ለአስፈጻሚ አካላት ይቀርባሉ። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ማጣጣል አልፈልግም።

ግን ልብ በሉ። ዜናው ሁልጊዜ የሚያልቀው «ነዋሪዎቹ የውኃ፣ የመንገድና የመብራት ጥያቄ አነሡ፤ ተወካዮቹም ጥያቄው ለሚመለከተው አካል እንደሚቀርብ ገለጹ» በሚል ነው። በዓመቱም ይኸው ዜና ይደገማል፤ ጥያቄውም ይኸው ነው። በሁለቱ ስብሰባዎች መካከል ምን ሆነ? ጥያቄው ለማን ቀረበ? መልሱ «አይቻልም» ከሆነ እንኳ ማን አለ? ለምን አለ? ጥያቄዎቹ ሲጠቃለሉ የአዲሱ ገበያ ጥያቄ ከአገሪቱ ጥያቄ ጋር ተቀላቅሎ «የመሠረተ ልማት ጥያቄ» ይሆናል። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ አይለየውም።

መረጃው ወደ ታች አለመውረዱ የሚያስከትለውን ጉዳት በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጸደቀ። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ አከራይም በፈለገ ጊዜ በፈለገው መጠን ኪራይ እንዳይጨምር ይደነግጋል። ለአዲሱ ገበያ ተከራይ ከዚህ የበለጠ ጉዳይ ምን አለ? ይሁን እንጂ ብዙ ሰው አዋጁን የሰማው በሹክሹክታና በስልክ በሚዘዋወር ቁርጥራጭ ቪዲዮ ነው። አከራዩ «ቤቱ ሊወሰድብኝ ነው» ብሎ ደነገጠ፤ ተከራዩ «ከዛሬ ጀምሮ አልከፍልም» ያለም አለ። ሁለቱም ተሳስተዋል። አዋጁን ባጸደቀው ምክር ቤት ውስጥ የእነዚሁ ሰዎች ወኪል ተቀምጦ ነበር። መጥቶ «ይህን አጽድቀናል፣ ትርጉሙ ይኼ ነው፣ ውላችሁን አስመዝግቡ፣ ችግር ካጋጠማችሁ እዚህ ንገሩኝ» ቢል ኖሮ ስንት ጠብ በበረደ!

በጥር 2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም እንዲሁ ነው። በሐምሌ 2017 ግብር የማይከፈልበትን የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2 ሺህ ብር ያሳደገው የገቢ ግብር ማሻሻያም እንደዚያው። አንዱ ጎጆ ቀልሶ የሚኖረውን ጡረተኛ ያሳስባል፣ ሌላው የደመወዝተኛውን ኪስ ይነካል። ሕጎቹ ጥሩ ናቸው ወይስ መጥፎ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ለክርክሩ ግን መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል።

ከእድር መማር

እንግዲህ «ወደ እሱ እመለሳለሁ» ወዳልኩት ልምጣ። በአዲሱ ገበያ፣ እንደማንኛውም የአዲስ አበባ ሰፈር፣ እድር አለ። የእድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የሚመረጡት በአባላት ነው። በተቆረጠው ቀን አባላት ይሰበሰባሉ። ስብሰባው ሲከፈት መጀመሪያ የሚሆነው ምንድን ነው? ጸሐፊው ተነሥቶ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ያነባል። «ባለፈው ስብሰባ ድንኳኑ ይጠገን ተብሎ ነበር፤ ለእገሌ ተሰጥቶ ነበር» ይላል። ወዲያው አንዱ ይነሣና «ታዲያ ተጠገነ?» ይላል። ተጠግኖ ከሆነ ደረሰኙ ይታያል። ካልተጠገነ እገሌ ምክንያቱን ይናገራል፤ ምክንያቱ ካላጠገበ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ነው አዲስ አጀንዳ የሚከፈተው።

ይህ ሥርዓት ከዩኒቨርሲቲ አልመጣም። ብዙዎቹ አባላት «ተጠያቂነት» የሚለውን ቃል በስብሰባ አይጠቀሙበትም፤ ነገሩን ግን አሳምረው ይሠሩበታል። በትንሽ የወር መዋጮ ለተሰበሰበ ገንዘብ እንዲህ የምንጠይቅ ሰዎች፣ የአምስት ዓመት ሥልጣናችንን በሰጠነው ሰው ላይ ግን አንድም ቀን «ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበብ» ብለን አናውቅም። ለምን? በእኔ አመለካከት እድሩ የራሳችን እንደሆነ እናምናለን፤ ምክር ቤቱ ግን የሌላ ሰው ይመስለናል።

ከሌላው ዓለምም ማየት ይቻላል። በእንግሊዝ የፓርላማ አባላት ብዙውን ጊዜ በሳምንቱ መጨረሻ በምርጫ ክልላቸው ተቀምጠው ባለጉዳይ ያነጋግራሉ፤ ይህንንም እንደ ሐኪም ቤት «ሰርጀሪ» ይሉታል። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የምርጫ ክልል ልማት ፈንድ ከተቋቋመ ወዲህ ዜጋው ስለ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ የሚጠይቅበት ቢሮ በአቅራቢያው አግኝቷል፤ ፈንዱ በሙስና መታማቱ ባይቀርም። በአሜሪካ የየስቴቱ ምክር ቤት አባላት ምን እንደ ደገፉና ምን እንደ ተቃወሙ የሚገልጽ ደብዳቤ ለነዋሪው ይልካሉ፣ «የቡና ሰዓት» ብለውም በሰፈር ካፌ ሰው ያነጋግራሉ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2020 ለኒው ዮርክ ስቴት ሴኔት የተመረጠችው ሳምራ ብሩክ አባቷ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ቡናውን ለዓለም የሰጠነው እኛ ነን፤ በቡና ሰበብ ተወካይን መጠየቁን ግን እነሱ ቀደሙን። ያሳፍራል ወይስ ያስቃል?

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛ፣ «አንድ ተወካይ ይህን ሁሉ ሰው እንዴት ያዳርሳል?» ይባላል። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ለ23 መቀመጫ ሲካፈል ለአንድ ተወካይ ወደ 119 ሺህ ሰው ይደርሳል፤ ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደ ሰፋች ደግሞ ዓይናችን ይመሰክራል። እውነት ነው፣ ሁሉንም ሰው ቤት ለቤት ማነጋገር አይቻልም። አንድ ገጽ ወረቀት ጽፎ ማባዛት ግን ይቻላል። በታክሲ መሳፈሪያው፣ በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ በር፣ በእድሮች በኩል ቢበተን ሺዎች ያነቡታል። ማንበብ የማይችለው ልጁን ያስነብባል።

ሁለተኛ፣ «ተወካዩ በፓርቲው ዲሲፕሊን የታሰረ ነው፤ ምን ሊያመጣ?» የሚሉ አሉ። ይኼ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። ከ1987 ወዲህ ባሉት ምክር ቤቶች አብዛኛው ድምፅ በፓርቲ መስመር የተሰጠ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም የፓርቲ ዲሲፕሊን እጅ የሚወጣበትን ጊዜ ሊወስን ይችላል እንጂ «የወሰድኩት ጥያቄ እዚህ ደርሷል» ብሎ ለሰፈር ሰው መናገርን የሚከለክል አይመስለኝም። እንዲያውም አንድ ሰው በየጊዜው ሕዝብ ፊት ቆሞ መልስ የሚሰጥ ከሆነ፣ ፓርቲው ውስጥም ሲናገር «ሰዎቼ ምን ይሉኛል?» ማለት ይጀምራል። ኅሊና የሚባለው ነገር ብቻውን ሲቀመጥ ያንቀላፋል፤ የሚቀሰቅሰው ጠያቂ ነው።

ሦስተኛው የመምህራኖቻችን ተቃውሞ ሊሆን ይችላል። ኤድመንድ በርክ እ.ኤ.አ. በ1774 ለብሪስቶል መራጮቹ የተናገረውን አስተምራችሁናል፤ ተወካይ የመራጩ ተላላኪ አይደለም፣ የራሱን ሚዛን መጠቀም አለበት የሚለውን። አንቀጽ 54ም የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው ሲል ወደዚሁ ይቀርባል። እኔም ተወካያችን የአዲሱ ገበያ ተላላኪ ይሁን አላልኩም። ከእኛ ሐሳብ የተለየ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል። ግን በርክ ራሱ ያደረገውን ተመልከቱ፦ መራጮቹ ፊት ቆሞ አቋሙን ከነምክንያቱ በግልጽ ነገራቸው። እነሱም በሚገባ ሰምተውት፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ድጋፍ ነፍገውት ከውድድሩ ወጣ። ይህ ለእኔ የውክልና ውድቀት አይደለም፤ በትክክል የሠራ ውክልና ነው። ሁለቱም ወገን ማን ምን እንዳለ ያውቅ ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። አንደኛ፣ የተወካዩ ስብሰባ ቀንና ቦታ በዓመቱ መጀመሪያ ተቆርጦ ይታወቅ፤ በድንገት ተጠርቶ የተወሰኑ ሰዎች ብቻ የሚገኙበት አይሁን። ሁለተኛ፣ የሚነሣው ጥያቄ ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት ይመዝገብ፤ ጥያቄው የወረዳው ነው፣ የከተማው ነው ወይስ የፌዴራሉ የሚለውም እዚያው ይለይ። ሦስተኛ፣ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ አንድ ገጽ ጽሑፍ ለሰፈሩ ይበተን፤ በእሱም ላይ የጸደቁት ዋና ዋና አዋጆች፣ ተወካዩ የሰጠው ድምፅና ጥያቄዎቹ የደረሱበት ይጻፍ። አራተኛና ዋናው፣ ማንኛውም ስብሰባ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ በማንበብ ይጀመር። ይህ ከተደረገ ሌላው በራሱ ጊዜ ይከተላል፤ ምክንያቱም ሕዝብ ፊት ተነቦ «አልተሠራም» መባልን የሚወድ ሰው የለም።

እኛስ? የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ከትችት ያለፈ ነገር ማበርከት እንችላለን። ለተግባር ልምምድ በየዓመቱ ርዕስ ስንፈልግ እንቸገራለን። ለምን እያንዳንዳችን በምንኖርበት ሰፈር አንድ የጸደቀ አዋጅ መርጠን በሚገባ አማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ የሰፈር ሰው በሚገባው መንገድ አንጽፍም? ለምን በስብሰባው ላይ ተገኝተን ጥያቄዎቹን በቁጥር አንመዘግብም? ተወካዩ ማስታወሻ ባይዝ እኛ እንያዝለት። መምህራኖቻችንም ይህን እንደ ትምህርቱ አካል ቢቆጥሩልን ለውጤት ስንል የጀመርነው ለአገር ይተርፋል።

አዲስ አበባ በድምፅ መስጫ ቀን ቆማ የምታመሽ ከተማ ናት። ያ ትዕግሥት ግን ዘላለም አይቆይም። ሰው ድምፁ የት እንደሚደርስ ሳያውቅ ደጋግሞ አይሰለፍም፤ መሰለፉን የተወ ሕዝብ ደግሞ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ማቅረብ ሲጀምር ምን እንደሚመጣ ከቅርብ ጊዜ ታሪካችን አይተናል። ስለዚህ ማንም ይመረጥ ማን፣ የየትኛውም ፓርቲ ሰው ይሁን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ተወካያችን ወደ ሰፈራችን መጥተው «እስቲ ጥያቄያችሁን አቅርቡ» ሲሉ፣ ለመጠየቅ አንቸኩል። ከመሐላችን አንድ ሰው በአክብሮት እጁን ያውጣና እንዲህ ይበል፦ «ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ በፊት ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበብልን!»